«አገር ስጠኝ»፦ መልሳቸው የጠፋ እንቆቅልሾች ታሪክ

 ዘንድሮ በመጽሔታችን ላይ ስለ እንቆቅልሽ እንድጽፍ ያነሳሱኝ አንድ ታማሚ ናቸው።

ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር የደም ግፊታቸውን ስለካ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «አንድ ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት እግርና 1200 ራስ ያለው ምንድን ነው?» እኔም ሳላስበው በአማርኛ «ምን አውቅልህ!» ብዬ መለስኩ። ወግ ሆኖብኝ እንጂ ሽማግሌውን አንተ ማለቴ አልነበረም። ምን እንዳልኩ ሲጠይቁኝ ጨዋታችንን አስረዳኋቸው። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠውም በተሰጠው አገር ትንሽ ተንጎራድዶ፣ ተሸናፊውን ሰድቦ መልሱን ይናገራል። «እንግዲህ እንግሊዝን ሰጥቼዎታለሁ» አልኳቸው። ሳቁና «እሷማ ድሮም የእኔ ናት፤ የራስሽን ስጪኝ» አሉ። ሞጣን ግን አልሰጠሁም። በልጅነታችን ጎንደርንም አዲስ አበባንም አሜሪካንም ስንሰጥ ሞጣን የሰጠ ልጅ አልነበረም።

መልሱ «አንድ ዓይና ነጭ ሽንኩርት ሻጭ» ነው። እኛም ሽንኩርቱን አንድ ራስ፣ ሁለት ራስ እያልን እንቆጥር የለ! ሰውየው የተሸከመው ሽንኩርት ነው ራሱን 1200 ያደረሰው።

ይህ እንቆቅልሽ የመጣው የኤክሰተር መጽሐፍ ከሚባል የብራና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው። የኤክሰተር የመጀመሪያው ጳጳስ ሌኦፍሪክ ለቤተ ክርስቲያናቸው አወረሱት፤ እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1072 ነው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የዚያው ካቴድራል ንብረት ነው። በ2016 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ የብሪታንያ መዝገብ ሰፍሯል።

እንዲህ ያለ ቅርስ ግን ሁልጊዜ አልተከበረም። ገጾቹ ላይ የቢላ ጭረት አለ፤ ዕቃ ተቀምጦበት የቀረ ክብ ምልክትም ይታያል። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች እሳት አቃጥሏቸው በስቷቸዋል። የእኛም አገር ብራናዎች እንዲህ ያለ ዕድል ስለገጠማቸው ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በመጽሐፉ ውስጥ 95 ገደማ እንቆቅልሾች አሉ። መልስ ግን አልተጻፈላቸውም። የጻፈው ሰው መልሱን ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ይሁን ወይም አንባቢው ይድከም ብሎ፣ ጥያቄውን ብቻ ትቶልን ሄደ። ሙሉ መጽሐፉ በ1842 ታትሞ ከወጣ በኋላ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ሊቃውንት አንዱ የሌላውን እያረሙ ሲፈቱት ኖረዋል። አንዳንዱ በቀላሉ ይፈታል። የሊቃውንትን ቃል በልቶ አንዲት ዕውቀት ስላልጨመረው ሌባ የሚናገረው መልሱ መጽሐፍ የሚበላው ብል ነው። ስለ ሽንኩርት የሚናገረው ሰሙ ሲሰማ ፊት የሚያቀላ፣ ወርቁ ግን ንጹሕ ወጥ ቤት ነው። ቅኔ የለመደ ሐበሻ ቢያነበው አይቸገርም።

የነጭ ሽንኩርቱ ሻጭ ግን በጥበብ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ቁልፉ የተገኘው ከሌላ መጽሐፍ ነው። ሲምፎሲየስ የሚባል ሰው ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ በላቲን 100 እንቆቅልሾች ጽፎ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእያንዳንዱ በላይ መልሱን ርዕስ አድርጎ አስፍሮታል። አንድ ዓይናው ሻጭ እዚያ ውስጥ አለ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው መልሱን አገኘ። ዛሬም ድረስ ያልተስማሙባቸው አሉ፤ 4ኛውን አንዱ ደወል፣ ሌላው የወፍጮ ድንጋይ፣ ሌላው የውሃ ባልዲ ነው ይላል።

ከዚህ ጋር ያመዛዘንኩት የእኛኑ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ነው። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ንግሥቲቱ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደመጣች፣ እሱም ሁሉንም እንደመለሰላት ይነግረናል። ምን እንደጠየቀችው ግን አንድም አልተጻፈም። ኤክሰተር ጥያቄው ቀርቶ መልሱ ጠፋ፤ ኢየሩሳሌም መልስ መሰጠቱ ተነግሮ ጥያቄው ጠፋ። ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ ዝም አይልም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የአይሁድ ሊቃውንት ጥያቄዎቹን ራሳቸው አበጁላት። በመጽሐፈ አስቴር ላይ በተጻፈ ጥንታዊ የአረማይክ ትርጓሜ ውስጥ ንግሥቲቱ ስለ አንድ የእንጨት ጉድጓድ ትጠይቃለች፤ መቅጃው ብረት ነው፣ የሚቀዳው ድንጋይ ነው፣ የሚያፈሰው ግን ውሃ ነው። መልሱ የኩል ዕቃ ነው። ኩሉ ከድንጋይ ይፈጫል፣ ዓይን ሲነካ ያስነባል። እናቶቻችን ሲኳሉ ያየን ሰዎች ይህን ለመፍታት ሊቅ መሆን አያስፈልገንም። ኩል አይቶ የማያውቅ ግን ቢጠበብም አያገኘውም።

የእኛ እንቆቅልሾች ላይ የመጣው አደጋ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ጥያቄውም አለ፣ መልሱም አለ፣ ዕቃው ግን ከዓይናችን ጠፍቷል። ልጄን ስለ ሦስት ጉልቻ ጠይቄያት «ጉልቻ ምንድን ነው?» አለችኝ። መልሱን ብነግራትም አልገባትም፤ ጉልቻ ቢጠፋብን እንኳ በምድጃችን ላይ ሦስት እግር ያለው ነገር የለምና።

በተለይ አንድ የአያቴ እንቆቅልሽ ዕድሜ ልኬን ሲከተለኝ ኖሯል። እምዬ በእሳት ዳር ተቀምጣ እንዲህ ትለን ነበር፦ «በራሷ ትበላለች፣ ከእግሯ ሥር ትወልዳለች፤ እሷ ስትራብ እኛ እናለቅሳለን።» አገር እንሰጣታለን፤ እሷ ግን «ይህችን ስታድጉ ትፈቷታላችሁ» ብላ አገሩን ትመልስልናለች። አደግሁ፣ ነርስ ሆንኩ፣ እሷም አረፈች። መልሱ ከእሷ ጋር የሄደ መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን የዙም ስብሰባ ማብቂያ ላይ፣ የመዋጮው ጉዳይ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል፣ እንቆቅልሿን አቀረብኳት። ከዳላስ አንድ ወንድማችን «ወፍጮ ናት፤ ከላይ ትጎርሳለች፣ ከታች ዱቄት ትወልዳለች» አለ። ጥሩ ነበር፤ ግን ወፍጮ ብትራብ ማን ያለቅሳል? ከስቶክሆልም አንድ ልጅ «ፕሪንተር!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ስንት ሌሊት ያሰብኩትን ተናገርኩ፤ ግሉኮስ ነው ብዬ ነበር። ከላይ ይንጠለጠላል፣ ከታች ይወርዳል፣ ሲያልቅ ማሽኑ ይጮኻል። አንድ አዛውንት አባታችን ወዲያው አረሙኝ፦ «የሚጮኸው ማሽኑ ነው፤ አያትሽ ግን የምናለቅሰው እኛ ነን ብላለች።»

ያኔ ከሪያድ ስትሰማ የነበረች፣ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ድምጿን ከፈተች። ብዙ ጊዜ ዝም የምትል ልጅ ናት። «ጎታ ነቻ!» አለች። «እናቴ ቤት ነበረች። እህሉን ከላይ እንጨምራለን፤ ከታች ውታፉን ነቅለን እንቀዳለን።»

ስብሰባው ሁሉ ጸጥ አለ። ጎታ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ ቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። የእኛ ቤት ጎታ እኔ ሳልጎለምስ ፈርሶ በማዳበሪያ ከረጢት ተተክቷል። ስለዚህ መልሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያደገ ነገር ሆኖ ሳለ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እምዬ ይህችን እንቆቅልሽ የምትጠይቀን በክረምት ብቻ ነበር። በመኸር፣ አዲስ እህል ሲገባ፣ አንድም ቀን ጠይቃን አታውቅም። በእኛ አገር አዝመራው ከኅዳር ወዲህ ይሰበሰባል፤ ሐምሌና ነሐሴ የጎታ ሆድ የሚጎድልበት ወቅት ነው። ያኔ ራቱ ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር፤ እምዬም «እኔ ጠግቤያለሁ» ብላ እንቆቅልሽ ትጀምር ነበር። ለልጅ «እህል አልቋል» ማለት ከበዳት። ስለዚህ ሰሙን ለእኛ ሰጥታ ወርቁን ለራሷ ያዘች። ነርስ ነኝ፤ የታማሚን ዝምታ ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። የአያቴን ለማንበብ ግን ዓመታትና የሪያዷ እህቴ አስፈለጉኝ።

ድሮ በአንድ ቀበሌ ውስጥ መልሱ ሁሉ ነበር። ሞፈርና ቀንበሩን ገበሬው፣ ድርና ማጉን ሸማኔው፣ ብራናውን የቆሎ ተማሪው፣ ምጣድና ጎታውን እናቶች ያውቁታል። አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይመልሳል። አሁን ያ ቀበሌ በዓለም ዙሪያ ተበትኗል፤ አንዱ ቁራጭ ዳላስ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዱ ሪያድ ነው። ቁርጥራጩ እስካለ መግጠም ይቻላል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ዘንድሮ ወደ ቤት ስትደውሉ ሰላምታው እንዳለቀ አንድ እንቆቅልሽ ጠይቁ። ሲነግሯችሁ መልሱን ብቻ አትጻፉ፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠየቅም ጨምሩበት። የኤክሰተሩ ጸሐፊ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ሰው ስለ 4ኛው እንቆቅልሽ እስከ ዛሬ ባልተከራከረ። የእኛ ወላጆች ግን በሕይወት አሉ፤ ስልክ ያነሣሉ።

መነሻ እንዲሆናችሁ ሌላዋን የእምዬን እንቆቅልሽ ልተውላችሁ። ይህችን እኔም እስካሁን አልፈታኋትም፦ «ጠዋት እናቷን አዝላ ትወጣለች፤ ማታ በእናቷ ታዝላ ትገባለች።»

እንቆቅልሽ? የምታውቁ ለማኅበሩ ላኩልን፤ ያቃታችሁም አገር ስጡኝ። የፈለጋችሁትን አገር እቀበላለሁ፤ ሞጣን ግን አደራ፣ ማንም እንዳይሰጥ።