የተማሪ ቆጠራ፤ ከድምፅ እስከ ጣት አሻራ

በቀድሞው የንባብ ቤት የቀሪ መዝገብ አልነበረም፤ የኔታ ቀሪውን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበረ። ሕፃኑ ፊደሉንም ዳዊቱንም ጮኾ የሚያነብ ስለ ኾነ፥ ከጉባኤው አንድ ድምፅ ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል። በቅኔ ቤትማ ቆጠራ ማለት ቅኔ ማሰብ ነው እንጂ ራስ መቁጠር አይደለም፤ ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ቀርቦ ስለሚናገር፥ አካሉ ተቀምጦ ልቡ የሸፈተው ሳይቀር ይጋለጥ ነበረ። ዳሩ ግን መሸሸግ አይገባም፤ ከትምህርት የኰበለለውን ልጅ እግሩን በሰንሰለት ማሰርም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነበረ። ሰንሰለቱ ልጁን ከደጅ አላስወጣውም፤ ልቡን ግን ወደ መጽሐፉ ለመመለሱ ምስክር የለም።

በ1900 ዓ.ም ገደማ በዐፄ ምኒልክ ስም የተሠራው ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሲጀመር፥ በ1917 ዓ.ም ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ትምህርት በክፍልና በሰዓት ተለየ። ተማሪው በዛ፤ አንድ መምህር የሁሉንም ድምፅ ለይቶ ማወቅ አልቻለም፤ ስም በመዝገብ እየተጠራ «አቤት» ማለት የመገኘት ምልክት ኾነ። ለጓደኛው «አቤት» የሚል ልጅ ግን መቼም አይጠፋም!

የጣት አሻራ የሚቀበለው ዲጂታል መሣሪያ ይህን ማታለል ይዘጋል። ደግሞም የልጁን መቅረት በወላጁ ስልክ ወዲያው ያስታውቃል። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የጦር ኃይሎች ሰፈር በ2008 ዓ.ም ከአያት የሚነሣው የከተማ ባቡር መድረሻ ኾነ፤ ከዚያ ማልዶ ለሥራ ወደ ሩቅ የሚሄድ ወላጅ፥ ልጁ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ቢቀር በዚያው ሰዓት ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያው «ማን ቀረ» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ «ስለ ምን ቀረ» የሚለው ጥያቄ ግን ለመምህሩ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን መመገብ ጀመረ። ረኃብ ያስቀረውን ልጅ እንደ ሰነፍ ቆጥሮ መቅጣት የቀድሞውን ሰንሰለት በአዲስ ስም መመለስ ነው።

ሰዎች ሕፃኑን ለመቁጠር ይፈጥናሉ፤ መምህሩን ለመቁጠር ግን ያመነታሉ። በሕንድ አገር በራጃስታን ገጠር፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረ ጥናት፥ መምህሩ በየቀኑ በትምህርት መጀመሪያና መጨረሻ ከተማሪዎቹ ጋራ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ተደረገ፤ ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን ያትማል፤ ደመወዙም በተገኘበት ቀን ልክ ተከፈለ። ይህ ካልተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን ከመቶ 42 ሲቀሩ፥ በእነዚህ የቀሩት 21 ብቻ ኾኑ፤ የልጆቹም የፈተና ውጤት ከፍ አለ።