ሁለት ዲግሪ ወይስ ሁለት ሰው? የጤና ትምህርት ታሪካችን ምን ይላል

12ኛ ክፍልን ልትጨርሱ ነው እንበል። ቤተሰብ «ሕክምና» ይላል፤ እናንተ ደግሞ ማሽን መፍታትና መግጠም ትወዳላችሁ። ታዲያ «ለምን ሁለቱንም አልማርም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሚዛንና ቴፒ አካባቢ ላደገ ልጅ ጥያቄው ካርታ ላይ ሳይቀር ይታያል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ጤናን የሚያስተምረው ሚዛን አማን ላይ፣ ምህንድስናን ደግሞ ቴፒ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው የቡና አገር ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ አንድን ዕቃ ሁለት ሥራ ከማሸከማችን በፊት የምንጠይቀው ነገር አለ፦ ሁለቱ ሥራዎች የግድ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ መሠራት አለባቸው ወይ? ካልሆነ ሁለት ዕቃ መሥራት ይቀላል። የአገራችን የጤና ትምህርትም ይህን ጥያቄ ገና ድሮ ገጥሞታል።

ጎንደር፣ 1947 ዓ.ም.

በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ባለው ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ገጠሩ ግን ሐኪም ተምሮ እስኪወጣ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል።

ኮሌጁ ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነው፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያክማል፤ በሽታ እንዳይዛመትም ይሠራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ውኃን፣ መጸዳጃንና የአካባቢን ንጽሕና ይይዛል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጎንደር ሁለት መልስ ነው የሰጠው። ማከምና መከላከል አንድ ሰው ላይ ተጣመሩ። ምክንያቱም ዛሬ ሦስት የወባ ሕመምተኛ ያየው ሰው ራሱ፣ ነገ ሠፈሩ ምን እንደሚያስፈልገው መወሰን ነበረበት። ምንጭ ማጎልበትና እናቶችን መከታተል ግን ለሌሎች ተከፋፈሉ። ሦስቱም ተማሪዎች ደግሞ ገጠር ጤና ጣቢያ በቡድን እየወጡ አብረው ሠለጠኑ። ማንም ሦስቱንም ልሁን አላለም፤ ግን እያንዳንዱ የሌላውን ሥራ ያውቅ ነበር።

ነገሩ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎንደር የሕክምና ኮሌጅ ሲሆን የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ እንደገና ተጀመረ። ሥራው አሁንም ሰው ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

ማን ይከፍላል?

በ2004 ዓ.ም. ሌላ በር ተከፈተ። በተፈጥሮ ወይም በጤና ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎችን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀመረ። ይህ ጥምር ዲግሪ አይደለም፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መያዝ ነው። ጥቅሙ ይገባችኋል፦ በመሃል ሠርቶ ማየት ይቻላል።

ሕክምናንና ምርምርን አጣምሮ ማስተማር የለመዱት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 በዛሬው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ በ1964 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የትምህርት ክፍያና የኑሮ ድጎማ መስጠት ጀመሩ። ፕሮግራሙ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያለ ድጎማ ስምንት ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ደመወዛችሁን የሚጠብቁ ታናናሾች ካሉ።

ወደ ቡናው እንመለስ

እሸት ቡና ሲፈለፈልና ሲታጠብ ውኃው ስኳር የበዛበት ይሆናል። ወንዝ ውስጥ ከገባ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲበሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ወንዙ ይሸታል፤ ታች ያለው ሰውም የሚጠጣው ያጣል። ለዚህ ችግር የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ የሚነድፍ መሐንዲስና የሰፈሩን ጤና የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከቴፒ፣ አንዱ ከአማን። እስከተነጋገሩ ድረስ ማለቴ ነው።

የሕክምና መሣሪያ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች ከታዩት መሣሪያዎች 38 በመቶ ያህሉ እንደማይሠሩ አሳይቷል። ሙቀት፣ አቧራና የመብራት መቆራረጥ ባለበት ሆስፒታል የሚቆይ መሣሪያ ለመንደፍ ሰውነትንም ማሽንንም ማወቅ ይጠይቃል። ለዚህ እንኳ ሁለት ዲግሪ የግድ አይደለም፤ ባዮሜዲካል ምህንድስና በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ አንድ ዲግሪ ይሰጣል።

እንግዲህ ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ልሠራው የምፈልገው ሥራ በእርግጥ ሁለቱን እውቀት በአንድ ሰው ውስጥ ይፈልጋል? አንዱን ጨርሼ ሌላውን ብይዝስ? ተጨማሪዎቹን ዓመታት ማን ይሸፍናል? የመጀመሪያውን ጥያቄ በተግባር ለመመለስ አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጤና መኮንኑን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «በሥራህ ላይ የጎደለህ እውቀት ነው ወይስ አብሮህ የሚሠራ ሰው?» መልሱ እውቀት ከሆነ ጥምር ዲግሪውን አስቡበት። ሰው ከሆነ ግን አንዱን ሙያ በደንብ ያዙና ሌላውን ከያዘው ጋር ሥሩ።