ጨዋታ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ታሪክ

በብዙ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለረጅም ዘመን የታወቀው በሁለት ቃላት ነበር፤ «ተጠንቀቅ!» እና «አሳርፍ!»። ተማሪው በሰልፍ ይቆማል፤ መምህሩ ይቆጥራል፤ እጅ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። የዕረፍት ደወል ሲደወል ግን ያው ልጅ ማንም ሳያዘው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይደበቃል፣ ያባርራል። ታዲያ ከሁለቱ ትምህርቱ የትኛው ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በጀርመን አገር ተነሥቶ መልስ ያገኘ፣ ኋላም የተረሳ፣ እንደገናም የተነሣ ጥያቄ ነው።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓ የተማሪ ችሎታ በአመዛኙ የሚለካው በላቲን ሰዋስው ነበር። ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 «ኤሚል» በተሰኘው መጽሐፉ ልጅ ከመጽሐፍ አስቀድሞ በመንቀሳቀስና በመዳሰስ መማር እንዳለበት አስተማረ። ይህን የመሰለውን ሐሳብ ወደ ተግባር ለመለወጥ ከተነሡት መምህራን አንዱ ክርስቲያን ጎትሂልፍ ዛልትስማን ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1784 በቱሪንጊያ ደን አጠገብ፣ ሽኔፕፈንታል በተባለ ሥፍራ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ዮሐን ክሪስቶፍ ፍሪድሪኽ ጉትስሙትስ የተባለ ወጣት መምህር ወደዚያ መጣ፤ የሥራ ዘመኑንም በዚያው አሳለፈ።

ጉትስሙትስ እ.ኤ.አ. በ1793 ስለ ወጣቶች ጂምናስቲክ የጻፈው መጽሐፍ ስሙን በአውሮፓ አስጠራ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1796 ያሳተመው የጨዋታዎች መጽሐፍ ነው። ሰውዬው ሕፃናትና ጎልማሶች የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች ሰብስቦ ሕጋቸውን አንድ በአንድ ጻፈ፤ ቤዝ ቦል የተባለው የእንግሊዞች የኳስ ጨዋታ እንኳ ከእነ ሕጉ በዚያ ይገኛል። የመጽሐፉ ታላቅነት ግን በመሰብሰቡ ብቻ አይደለም። ጨዋታዎቹን የመደበው በሚያሠለጥኑት ኃይል ነበር፤ ይኸውም ይህኛው ማስተዋልን፣ ያኛው ትውስታን፣ ሌላው ምናብን፣ ሌላው ደግሞ ፍርድን ያዳብራል በማለት ነው። በመሆኑም የመንደር ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቶ፣ መምህር አስቦ የሚመርጠው የትምህርት መሣሪያ ሆነ።

ዳሩ ግን ታሪክ በዚህ መንገድ አልቀጠለም። ፕሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1806 በናፖሊዮን ድል ከተመታች በኋላ የወጣቱ ሰውነት የመንግሥትና የጦርነት ጉዳይ ሆነ። ፍሪድሪኽ ሉድቪግ ያን በ1811 በበርሊን አቅራቢያ የጂምናስቲክ ሜዳ ከፈተ፤ የአገር ፍቅርንም ከስፖርት ጋር አስተሳሰረ። እንቅስቃሴው ገዥዎቹን ስላሠጋ በ1820 ታገደ፤ የተፈቀደውም በ1842 ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ጂምናስቲክ ግን የሽኔፕፈንታሉ ዓይነት አልነበረም። አዶልፍ ሽፒስ ያደራጀው ሥርዓት ብዙ ተማሪዎችን በጠባብ ቦታ በአንድ ጊዜ ለማሠራት የሚያመች፣ በሰልፍና በትእዛዝ የሚመራ ነበር። ሽፒስ ጂምናስቲክን ከመደበኛ ትምህርት ተርታ ማሰለፉ፣ ለልጃገረዶችም እንዲሰጥ መድከሙ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልጁ የሚያስብበት ቦታ ጠፋ፤ መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ወላጆችና ሐኪሞች ተማሪው በትምህርት ብዛት ተጨንቋል፣ ጤናውም ተጓድሏል እያሉ መክሰስ ጀመሩ። የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ጉስታፍ ፎን ጎስለርም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1882 ባወጣው መመሪያ የመጫወቻ ሜዳ እንዲዘጋጅና ጨዋታ በትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ አሳሰበ። በጉትስሙትስ መጽሐፍና በዚህ መመሪያ መካከል ሰማንያ ስድስት ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጅ በሰልፍ ውስጥ የሚታዘዘው የሌላውን ቃል ሲሆን፣ በጨዋታ ውስጥ የሚታዘዘው ራሱ የተቀበለውን ሕግ ነው። ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ያጭበረበረውን መገሠጽን የሚማረውም በዚሁ ነው። ስለሆነም ጨዋታ ወደ ክፍለ ጊዜ ሲገባ ትእዛዝ ሆኖ ከገባ፣ ስሙ ይቀራል እንጂ ፍሬው አይገኝም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህርም የሚነግረው አለ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ብዙ ነገር ከውጭ ሲያመጣ፣ በደጁ የነበረውን የጨዋታ ሀብት ግን እምብዛም አልመረመረም። ሀብቱ ጥቂት አይደለም። በአኩኩሉ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ መንጋቱን እየጠየቀ የጓደኞቹን ድምፅ ከየት እንደመጣ ያጤናል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛንን መጠበቅ፣ ቅልልቦሽ ዓይንና እጅን ማስማማት፣ ገበጣ ደግሞ ቁጥርንና አርቆ ማሰብን ያስተምራሉ። የገና ጨዋታም ቆልማማ ዱላ የያዙ ሁለት ወገኖችን በሰፊ ሜዳ ላይ ያፋልማል፤ ሩጫን፣ ጉልበትንና የቡድን ብልሃትን ይጠይቃል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለው ወግ ራሱ፣ ሜዳው ከማዕረግ በላይ የሆነ ሕግ እንዳለው ያመለክታል።

እርግጥ የገና ዱላ በጠባብ ግቢ አደጋ አለው፤ ጨዋታውም ለዘመናት የወንዶች ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ሰኞ ማክሰኞና ቅልልቦሽ ደግሞ በአብዛኛው ለልጃገረዶች የተተዉ ናቸው። ወግ በመሆኑ ብቻ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። ዱላውን ማቅለል፣ ሜዳውን መወሰን፣ ሴቱንም ወንዱንም በሁለቱም ማሳተፍ የመምህር ፋንታ ነው። ጉትስሙትስ በሽኔፕፈንታል ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ የሕዝቡን ጨዋታ አልናቀም፣ ሳይመረምርም አልተቀበለም።

ሜዳ በከተማ እየጠበበ፣ ጨዋታውን የሚያውቁ አያቶችም እያለፉ ነው። ሕጉ በወረቀት ያልሰፈረ ጨዋታ የሚኖረው በሚጫወተው ልጅ ብቻ ነውና፣ አንድ ትውልድ ሳይጫወተው ካለፈ የሚቀጥለው ከማን ይማረዋል? መምህሩ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የሚያደርጉትን ቆም ብሎ ቢመለከት፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ትምህርት ከዚያው ያገኘዋል።