ከስታቲን በፊት፦ ሰሜን ካሬሊያ ኮሌስትሮልን በምግብ የቀነሰችበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጥር 1971 የሰሜን ካሬሊያ አስተዳዳሪ፣ የአካባቢው የፓርላማ ተወካዮችና የማኅበራት መሪዎች በአንድነት የፈረሙበት አቤቱታ ለፊንላንድ መንግሥት ቀረበ። አቤቱታው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም በድንገት እየሞቱ በመሆኑ መንግሥት አንድ መላ እንዲፈልግ የሚጠይቅ ነበር። በሩሲያ ጠረፍ የምትገኘው ይህች ክፍለ ሀገር በዚያን ጊዜ 180,000 ያህል ነዋሪዎች ሲኖሯት መተዳደሪያቸውም በአብዛኛው ደንና የወተት ላም ነበር። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ 100,000 ወንዶች መካከል በየዓመቱ 670 ያህሉ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ ይሞቱ ነበር።

ምግብ የደም ቧንቧን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በቅዱስ ፒተርስቡርግ ኒኮላይ አኒችኮቭና ሴምዮን ቻላቶቭ በሱፍ ዘይት የሟሟ ኮሌስትሮል ለጥንቸሎች መግበው በደም ቅዳ ቧንቧዎቻቸው ግድግዳ ላይ ስብ እንደሚከማች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ጥንቸል ቅጠል በል እንስሳ በመሆኗ ውጤቱን በሰው ላይ ለመተርጎም ያመነቱ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ የጀመሩት የሰባት አገሮች ጥናት ጥያቄውን በሰዎች ላይ መረመረ። በልብ ሕመም ሞት ምሥራቅ ፊንላንድ ከፍተኛውን፣ የግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ዝቅተኛውን ደረጃ ያዙ። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን ቢያሳይም ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም። የካሬሊያ ሰዎች ግን ማስረጃው እስኪሟላ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበራቸውም።

የሰሜን ካሬሊያ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር ኃላፊነቱ የተሰጠው ገና ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ሐኪም ለፔካ ፑስካ ነበር። በመጀመሪያው ዳሰሳ የወንዶች አማካይ ኮሌስትሮል 6.9 ሚሊሞል በሊትር፣ ማለትም በዴሲ ሊትር 267 ሚሊ ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚዳረስ መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ስታቲን ከሻጋታ ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶም በዚያን ጊዜ ገና በምርምር ላይ ነበር። ከዚህም ሌላ አማካዩ ራሱ ይህን ያህል ከፍ ባለበት ሕዝብ ውስጥ ጥቂት ሕሙማንን ለይቶ ማከም የሞቱን ቁጥር እምብዛም ሊቀንሰው አይችልም። ስለዚህ መለወጥ የነበረበት የክፍለ ሀገሩ ሁሉ ማዕድ ነበር።

ማዕዱ ደግሞ በቅቤ፣ ስቡ ባልተነሣለት ወተትና በሥጋ የተሞላ ነበር። ከጦርነቱ ዘመን ችግር ለወጣ ገበሬ ቅቤ የጥጋብ ምልክት ሲሆን፣ ብዙዎች አትክልትን የሚያዩት እንደ ከብት መኖ ነበር። የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ምክር ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱት ወዲያው ነው። በየመንደሩ የሚገኙት የማርታ ማኅበር ሴቶች «የረጅም ዕድሜ ግብዣ» እያዘጋጁ፣ የተለመደውን ወጥ በትንሽ ስብና በብዙ አትክልት ሠርተው ጎረቤቶቻቸውን አስቀመሱ። የጤና ጣቢያ ነርሶች የደም ግፊት እየለኩ ስለ ምግብና ስለ ሲጋራ መከሩ።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከወተት አምራቾች ነበር፤ ቅቤ ይቀነስ ማለት ለእነርሱ ገቢያችሁ ይቀነስ ማለት ነበርና። ፕሮጀክቱ ይህን ችግር በክርክር ብቻ አላለፈውም። በ1980ዎቹ ገበሬዎች በቅዝቃዜው አገር የሚበቅሉ እንጆሪና መሰል ፍሬዎችን እያመረቱ እንዲሸጡ ድጋፍ ተደረገላቸው። ለአገሩ አየር ከሚስማማ የጎመን ዘር የሚጨመቅ ዘይትም ገበያ ላይ ዋለ። በ1990ዎቹ መንደሮች ኮሌስትሮላቸውን በመቀነስ እስከ መወዳደር ደረሱ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወንዶቹ አማካይ ኮሌስትሮል ወደ 5.4 ሚሊሞል ወርዶ ነበር፤ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች የልብ ሕመም ሞትም ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። የሦስቱ አጋላጭ ሁኔታዎች፣ የኮሌስትሮል፣ የደም ግፊትና የሲጋራ፣ ለውጥ ብቻውን ሞቱን በ60 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችል እንደነበር ተመራማሪዎች አስልተዋል፤ ከሦስቱም ትልቁ ድርሻ የኮሌስትሮል ነው። በሌላው የፊንላንድ ክፍል ሞቱ በተመሳሳይ ሁኔታ ስለቀነሰ የፕሮጀክቱን ድርሻ ነጥሎ መለካት ግን አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በ1994 የታተመውና ፊንላንድ ጭምር የተሳተፈችበት የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ በ4,444 የልብ ሕሙማን ላይ ሲምቫስታቲን አጠቃላይ ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አረጋገጠ። ስለዚህ ልቡ አስቀድሞ ለታመመ፣ ወይም በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ላለበት ሰው የካሬሊያ ታሪክ መድኃኒቱን የሚያስተው ምክንያት አይሆንም። ታሪኩ የሚያስተምረው ሰው ታማሚ ሆኖ ወደ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት ስላለው ረጅም ጊዜ ነው።

ድሉም ቢሆን ጠባቂ ይሻል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ቅቤ ወደ ማዕዱ መመለስ ሲጀምር የፊንላንዳውያን አማካይ ኮሌስትሮል ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። «ቅባት ቀንስ» ብሎ ታማሚውን የሚያሰናብት የጤና ባለሙያ ከካሬሊያ ሊወስደው የሚገባው ቁም ነገር አለ፤ ምክሩ ፍሬ የሚያፈራው የቤቱ ወጥ ሠሪ ስትቀበለው፣ የሚተካው ዘይት ሱቅ ውስጥ ሲገኝና አምራቹም ሳይጎዳ ሲቀር ነው።