ትሮምቦፕሮፊላክሲስ፦ የደም መርጋት ቅድመ መከላከል

የሕክምና መጻሕፍት «ትሮምቦፕሮፊላክሲስ» የሚሉትን «የደም መርጋት ቅድመ መከላከል» ብንለው አማርኛችን ይሸከመዋል። ከቁስል የሚወጣ ደም መርጋቱ ሕይወት ያድናል፤ በደም ሥር ውስጥ እንዳለ ሲረጋ ግን መንገድ ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በባትና በጭን ጥልቅ ደም መልሶች ውስጥ ነው። የረጋው ደም ተገንጥሎ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ከተወተፈ ሰውየው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ውጋት ይይዘዋል፤ አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ቅድመ መከላከል እንግዲህ ምልክት ሳይታይ የሚያሰጋውን በሽተኛ ለይቶ መጠበቅ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ደሴ ላይ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ከሚማሩት ሁሉ ይህ በቀላሉ የሚዘነጋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በሽተኛው የሚመጣው በሌላ ሕመም ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ተጋጭቶ ጭኑ የተሰበረ ሾፌር የሚያስጨንቀው አጥንቱ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሐሳቧ ልጇ ላይ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም። በዓለም ላይ ከሚታየው የዚህ ሕመም ግማሽ ያህሉ ግን ሆስፒታል ተኝቶ ከመታከም ጋር የተያያዘ ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠናው በመነሣት ዛሬም የሚሰጠው ትምህርት ሦስት መንስኤዎችን ይጠቅሳል፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና ደሙ ራሱ ለመርጋት መፋጠኑ። ያ ሾፌር ሦስቱንም ይዞ ነው የተኛው።

ያለ ቀዶ ሕክምና ለሚታከም ተኝቶ ታካሚ ስጋቱን በነጥብ የሚለካ ዘዴ አለ፤ «ፓዱዋ» ይባላል። አንድ የ72 ዓመት አዛውንት በልብ ድካም ከሐይቅ መጥተው አልጋ ላይ ዋሉ እንበል። ከአልጋ አለመነሣታቸው 3 ነጥብ፣ ዕድሜያቸው 1፣ የልብ ድካሙ 1፤ ድምሩ 5 ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ስለሆነ፣ የሚደማ ቁስል ወይም ሌላ ከልካይ ነገር ከሌለባቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን 5,000 ዩኒት በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። ተማሪው ይህን ስሌት በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ የበሽተኛው ሁኔታ ሲለወጥም እንደገና ማስላት አለበት። መድማት የሚያሰጋውን ደግሞ እግሩን በማንቀሳቀስና በሚያጠብቅ ካልሲ መጠበቅ ይቻላል። እዚህ ላይ አስታማሚ ትልቅ ኃይል ነው፤ በሽተኛውን ደግፎ የሚያስነሣው፣ ቁርጭምጭሚቱን እንዲያንቀሳቅስ የሚያስታውሰው እሱ ነውና።

ደሙ ከረጋ በኋላ የመድኃኒቱ መጠን ይለወጣል። የሄፓሪን ዓይነት የሆነው ኢኖክሳፓሪን መከላከያ መጠኑ በቀን አንዴ 40 ሚሊግራም ሲሆን፣ ማከሚያው በየ12 ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊግራም ነው። ሁለቱን ማምታታት ወይ ያደማል፣ ወይ ሳያክም ይቀራል። በሚዋጠው የደም ማቅጠኛ በዋርፋሪን የሚቀጥል ታካሚ መርፌውን ቢያንስ 5 ቀን አብሮ ይወስዳል፤ የደሙ መቅጠን «አይ.ኤን.አር» በተባለው ምርመራ ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ጎመን ያዘወተረ ሰው ከፋሲካ በኋላ በድንገት ቢተወው ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል፤ ስለዚህ በጾሙ መግቢያና መውጫ ምርመራው ቢደገም መልካም ነው። ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር የሚመረጠው የእንግዴ ልጅን የማያልፈው ሄፓሪን ነው።

በሽተኛው ሲወጣም ተማሪው ለቤተሰቡ የሚነግረው አለ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱን ካመመው ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት አይገባም፤ ማሸት የረጋውን ደም ሊገነጥለው ይችላል። ታካሚዋ አራስ ብትሆንም ቀኗ እስኪሞላ ሳይጠበቅ በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ትሂድ።