የማይጨማደድ ጥጥ ታሪክና የሙቀት ምርመራው

ከደሴ ወደ ገራዶ የሚወርድ ሰው በመንገዱ ላይ ጋቢ የደረበ ገበሬ ማግኘቱ አይቀርም። ጋቢው ቢጨማደድ የሚነቅፈው የለም፤ የመምህሩ የጥጥ ሸሚዝ ግን በካውያ ካልተተኮሰ ያስወቅሳል። የመጨማደዱ ምክንያት ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ የሴሉሎስ ሰንሰለቶች በደካማ የሃይድሮጅን ማሰሪያ የተያያዙ ስለሆኑ፣ እርጥበትና ጫና ሲያገኛቸው ማሰሪያው ይላቀቅና በሌላ ቦታ ተመልሶ ይያያዛል። ጨርቁም እንደ ተጨማደደ ይቀራል።

ለዚህ ነገር መላ የተገኘው በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ነው። ቱታል ብሮድኸርስት ሊ የተባለው ኩባንያ ኬሚስቶች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዩሪያንና ፎርማልዴሃይድን በጥጡ ውስጥ አስርገው በሙቀት አጸኑት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይሎንና ፖሊስተር ገበያውን ሲሻሙ፣ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስ የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪ ሩት ቤኔሪቶና የሥራ ጓደኞቿ አሠራሩን አሻሻሉት። ኬሚካሉ ሰንሰለቶቹን እንደ መሰላል ርብራብ ያያይዛቸዋል።

እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። ርብራቡ የሚጸናው ጨርቁ ከደረቀ በኋላ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ድረስ ሲሞቅ ነው። ሙቀቱ ካነሰ አይያያዝም፤ ከበዛም ጨርቁ ቢጫ ይሆናል። (በከሰል ካውያ ሸሚዝ ያቃጠለ ሁሉ ይህን ምርመራ በቤቱ አድርጎታል።) በላቦራቶሪ የሚደረገው ቁራጩን በስስ ሚዛን ላይ አድርጎ እያሞቁ ክብደቱን መከታተል ነው። በመጀመሪያ ውሃው ይወጣል፤ ጥጡ ራሱ የሚፈራርሰው ከ300 ዲግሪ ወዲያ ነው። ነገር ግን ለማፋጠኛ የሚጨመረው እንደ ማግኒዚየም ክሎራይድ ያለ ጨው መፈራረሱን ሊያስቀድመው ይችላል፤ የሚተርፈውም ከሰል ይበዛል። እንግዲህ የሚዛኑ መስመር ጥጡ ብቻውን መሆኑንና አለመሆኑን ይናገራል።

በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ አንሶላና ፎጣ ሠርቷል። በእኔ አስተያየት ለፎጣ ይህ ኬሚካል ጥቅም የለውም፤ ውሃ መምጠጡን ይቀንስበታልና። ለአንሶላ ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ ይሁን እንጂ ርብራቡ ክሩን ስለሚያደርቀው ጥንካሬው አንዳንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ይጎድላል። አንሶላውን ዐሥር ዓመት አጥባ የምትጠቀም እመቤት ይህን ኪሳራ ትቀበለው ይሆን?

ከዚህም የሚብሰው የፎርማልዴሃይድ ነገር ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ አስገብቶታል፤ ጋዙን አስቀድሞ የሚስበውም በምድጃው ደጃፍ ቆሞ የሚውለው ሠራተኛ ነው። ፎርማልዴሃይድ የሌለባቸው ፖሊካርቦክሲሊክ አሲዶች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሞክረው ጥሩ ውጤት ሰጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ውድ ስለሆነ በፋብሪካዎች ብዙ አልተስፋፉም።