ማዳም ጌራንና የአቬይሮኑ ልጅ፤ መማር ለሚከብዳቸው ልጆች ስለሚሰጥ የቤት ትምህርት የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉ የቅዱስ ያሬድን የልጅነት ታሪክ ሰምቶአል። አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው፤ እሳቸውም በቤታቸው አኑረው ያስተምሩት ጀመር። ልጁ ግን ትምህርቱ አልገባ አለው። አጎቱ ቢገርፉትም ከመሸሽ በቀር ሌላ ፍሬ አልተገኘም። በሽሽቱ ላይ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ፣ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ደጋግማ ስትሞክርና ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ሲሳካላት አየ፤ ልቡ ተነክቶ ተመለሰና የዜማ ሊቅ ሆነ። ታሪኩ ዘወትር የሚነገረን የትዕግሥት ምሳሌ እንዲሆን ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ጥያቄ አዝሎአል። ልጁ በትር በፈራበት በዚያ ጊዜ የጎደለው የልጁ አእምሮ ነበርን? ወይስ የማስተማሪያው መንገድ?

ይኸው ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ግን ነገሩ በቃል ብቻ የቀረ አይደለም፤ ልጁን ያስተማረው ሐኪም ያደረገውንም ያቃተውንም በሁለት ዘገባዎች ጽፎ አትሞታል። ስለ ሐኪሙ ብዙ ተጽፎአል። ልጁን ከእርስዋ ዘንድ ስላኖረችው ሴት፣ ስለ ማዳም ጌራን፣ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጥናት ሐሳብ፣ ልጁ ከተማረው ውስጥ የጸናው ክፍል በቤት ውስጥ ከዕለት ኑሮ ጋር ተያይዞ የተማረው መሆኑን ከዘገባዎቹ ለማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ወደ ፓሪስ እንደ መጣ

በጥር ወር 1800 በደቡብ ፈረንሳይ በአቬይሮን አውራጃ፣ ሳን ሰርናን ከምትባል መንደር አንድ ልጅ ከጫካ ወጥቶ ገባ። ዕድሜው ወደ 12 ዓመት ይገመት ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ገበሬዎች በዱር ፍሬና ሥራ ሥር ሲለቅም አይተውታል፤ ተይዞም አምልጦአል። አይናገርም፤ ሲጠሩትም ዞር አይልም። ነገር ግን ዋልነት የሚባለው ፍሬ ከበስተኋላው ሲሰበር ወዲያው ይሰማ ስለ ነበር ጆሮው ጤነኛ መሆኑ ታወቀ።

ልጁ መጀመሪያ በሮዴዝ ከተማ ቦናቴር በተባለ የተፈጥሮ ሳይንስ ዐዋቂ ቄስ እጅ ቆየ። ከዚያም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ወደ ፓሪስ ተወስዶ፣ ቄስ ሲካር ይመሩት በነበረው መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤት ውስጥ ገባ። የፓሪስ ሰው የተፈጥሮን ልጅ አያለሁ ብሎ ቢጎርፍም፣ ያገኘው እንደ ታሰረ አውሬ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ፣ የሚነክስና የሚቧጭር ልጅ ስለ ሆነ ወዲያው ሰለቸው።

የዘመኑ ታላቅ የአእምሮ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ልጁን መረመረው። በሆስፒታል ካያቸው የአእምሮ ጉድለት ካለባቸው ሌሎች ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ ይህም ከእነርሱ አንዱ ስለ ሆነ በማስተማር ይሻሻላል የሚል ተስፋ የለም ሲል ፈረደ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከእንዲህ ካለ ሊቅ ሲመጣ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር።

ሐኪሙና ሞግዚቷ

በፍርዱ ያልተስማማው ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር ነው። በ1774 የተወለደ፣ በዚያን ጊዜ ገና 26 ዓመት ያህል የሆነው፣ በትምህርት ቤቱ በሐኪምነት የተቀጠረ ወጣት ነበረ። ልጁ እንዲህ የሆነው ከሰው ርቆ በማደጉ ነውና ሊማር ይችላል ብሎ ተነሣ። ይሁን እንጂ ኢታር ልጁን የሚያገኘው በትምህርቱ ሰዓት ነው። ልጁን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ለሽርሽር የምታወጣው፣ ሲታመምም የምታስታምመው መንግሥት ደመወዝ የቆረጠላት ማዳም ጌራን ነበረች። ከባልዋ ጋር የምትኖረው በዚያው በትምህርት ቤቱ ግቢ ስለ ሆነ፣ ልጁ በእርስዋ ዘንድ እንደ ቤት ልጅ ሆኖ ኖረ። ልጁ «ኦ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ዞር እንደሚል በመታየቱ፣ መጨረሻው በዚህ ድምፅ የሚሰማ «ቪክቶር» የሚል ስም ወጣለት።

ኢታር አምስት ዓላማዎችን ዘረዘረ። የመጀመሪያው ልጁ ከሰው ጋር መኖርን እንዲወድ፣ አዲሱን ኑሮ ከቀድሞው ጣፋጭ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የስሜት ሕዋሳቱን ማንቃት፤ ሦስተኛው አዳዲስ ፍላጎት በመፍጠር ሐሳቡን ማስፋት፤ አራተኛው ወደ ንግግር ማድረስ፤ አምስተኛው በሚያስፈልጉት ነገሮች ላይ አእምሮውን ማለማመድ ነው። ተራቸውን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ፊደልና ንባብ በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሉም። መጀመሪያ የተቀመጠው ልጁ በቤቱ ደስ ብሎት እንዲኖር ማድረግ ነው። በዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ጊዜ ማዳም ጌራን እንደ ልቡ እንዲተኛ፣ እንዲበላና በሜዳ እንዲሮጥ ትተወው ነበር።

ከኑሮ የተማረውና በልምምድ የተማረው

ቪክቶር ብርድና ሙቀት የማይለይ ይመስል ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት በሙቅ ውሃ ይታጠብ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ገላው ብርድ ተሰማው፤ ውሃው በበቂ ያልሞቀ እንደ ሆነ በጣቱ ፈትኖ አልገባም ይል ጀመር። በዚህ ጊዜ ልብስ መልበስን ለማስተማር ማንም ቃል አላስፈለገውም። በማለዳ ልብሱን ከአጠገቡ አኑረው ብቻውን ተዉት፤ ብርዱ ራሱ አስተማሪ ሆነና ልጁ በጥቂት ቀን ውስጥ ለብሶ ተገኘ።

የፊደልም ነገር እንዲሁ ነው። ኢታር በፈረንሳይኛ ወተት የሚለውን ቃል የሚሠሩትን አራት ፊደላት ለይቶ ሰጠው፤ ልጁም በተርታ ሲደረድራቸው ወተት ይሰጠው ነበር። ይህ እስከዚህ ድረስ የልምምድ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ቪክቶር ከማዳም ጌራን ጋር ወተት ወደሚሰጡት ወዳጅ ቤት ሲሄድ፣ ማንም ሳያዝዘው አራቱን ፊደላት በኪሱ ይዞ ሄደ፤ በዚያም በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አሳየ። ፊደሉ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ የልመና ቃል ሆነ ማለት ነው።

በሌላ ወገን የንግግሩን ትምህርት እንመልከት። ኢታር ቃል እንዲያወጣ ብዙ ደከመ። ቪክቶር «ወተት» የሚለውን ቃል በአፉ ቢያወጣም፣ የሚለው ወተቱን ካየ በኋላ ስለ ደስታው እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም። ከዚህም በቀር ከማዳም ጌራን አፍ አዘውትሮ የሚሰማትን «አምላኬ!» የምትለዋን የአድናቆት ቃል በራሱ ጊዜ አነሣ። ንግግር ግን በእውነት ሳይለምድ ቀረ።

የነገሮችን ስም በጽሑፍ ሲማርም ያጋጠመው ችግር ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ያነበበው ልጅ፣ ኢታር ያሳየውን ያንኑ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይፈልግ ነበር፤ በሌላ ክፍል ያለው መጽሐፍ ለእርሱ መጽሐፍ አልነበረም። ይህ ሲታረም ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስሕተት ሄደ፤ ብሩሽንና መጥረጊያን በአንድ ስም ጠራ። ኢታር እዚህ ላይ የሠራው መልካም ሥራ ልጁን ከመውቀስ ይልቅ እያንዳንዱን ስሕተት መርምሮ የቱ ደረጃ እንደ ተዘለለ መፈለጉ ነው። የዝግመትን ምክንያት በልጁ ላይ ሳይሆን በትምህርቱ ተራ ላይ መፈለግ ከዚህ ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ ሁልጊዜ ታጋሽ አልነበረም። ልምምዱ ሲበዛበት ልጁ በቁጣ ይወድቅና ዕቃ ይነክስ ነበር። አንድ ቀን ኢታር፣ ልጁ ከፍታ እንደሚፈራ ስለሚያውቅ፣ አንሥቶ ከፎቅ መስኮት ወደ ውጭ አንጠለጠለው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከዚያም በአልጋው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ኢታር ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል። የፓሪሱ መስኮትና የአባ ጌዴዎን በትር አንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም መታዘዝን እንጂ ማስተዋልን አያመጡም።

ማዕድ የማቅረቡ ነገር

ማዕድ ማሰናዳት የቪክቶር የዕለት ሥራ ነበር። የማዳም ጌራን ባል ታሞ ከቤት ርቆ ሲታከም፣ ልጁ እንደ ልማዱ የእርሱንም ሳህን ያቀርብ ነበር፤ በየቀኑ አንሣው ቢባልም በማግሥቱ መልሶ ያኖረዋል። ሰውየው ሞተ። በዚያው ቀን ቪክቶር ሳህኑን እንደ ገና አቀረበ፤ ማዳም ጌራንም ባየችው ጊዜ እንባዋ ፈሰሰ። ልጁ ያሳዘናት የእርሱ ሥራ እንደ ሆነ ተረዳና ሳህኑን አንሥቶ በሐዘን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰው፤ ከዚያ ወዲህም ዳግመኛ አላቀረበውም።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀው የለም፤ ከአምስቱ ዓላማዎችም ውስጥ በዚህ መልክ አልተጻፈም። ነገር ግን አእምሮ የለውም የተባለ ልጅ የሌላውን ሰው ሐዘን አንብቦ የራሱን ልማድ አረመ። በቤትና በሰዎች መካከል ባይኖር ኖሮ ይህ ሊገለጥ የሚችልበት ሌላ ስፍራ አልነበረም።

ከ1806 በኋላ

ኢታር የመጀመሪያውን ዘገባ በ1801፣ ሁለተኛውን በ1806 ጽፎ ለመንግሥት አቀረበ። ንግግር ስላልተገኘ ራሱን እንደ ተሸነፈ ቆጠረና ማስተማሩን ተወ። ማዳም ጌራን ግን አልተወችም። ኋላም ቪክቶር ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በአቅራቢያው ባለ ቤት ከእርስዋ ጋር ተቀመጠ፤ መንግሥትም ለጥበቃው ይከፍላት ነበር። ልጁ ወደ ሙሉ ሰውነት ደርሶ በ1828 እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖረ። ትምህርቱ የቆየው ስድስት ዓመት ያህል ነው፤ ቤቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ቆየ። የእርስዋም ድካም ለእኛ የደረሰን በኢታር ብዕር ነው።

ቪክቶር ከመጀመሪያውም የተፈጥሮ ጉድለት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር አልተቋረጠም። በ20ኛው መቶ ዓመት ኦቲዝም የሚባለው ሁኔታ ከታወቀ በኋላ፣ ቪክቶርም ኦቲዝም ነበረበት ያሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል፤ በ1976 ስለ ልጁ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ሃርላን ሌን ደግሞ ተቃውሞአል። ለዚህ ጥናት ግን ሁለቱም ወገን እውነት ቢሆን ነገሩን አይለውጠውም። ፒኔል ስለ ጉድለቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ሊማር አይችልም በማለቱ ተሳስቶአል።

ኢታር ሽንፈት ያለው ነገር ዘር ሆኖ ቀረ። በ1837 ኤድዋር ሴጋን የተባለ ወጣት በሽማግሌው ኢታር ምክር አንድ የአእምሮ ዝግመት ያለበት ልጅ ማስተማር ጀመረ፤ በ1846 የማስተማሪያ ዘዴውን በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆኑ ተቋሞች እንዲስፋፉ ረዳ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የሁለቱንም ጽሑፍ በእጅዋ እየገለበጠች አጠናች። በሮም ያስተማረቻቸው ዘገምተኛ የተባሉ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል የንባብና የጽሕፈት ፈተና ሲያልፉ፣ ሌላው ሰው በእነርሱ ሲደነቅ እርስዋ ግን ጤነኞቹ ልጆች ስለ ምን በዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ቀሩ ብላ ጠየቀች። በ1907 በሮም በሳን ሎሬንሶ ሰፈር ለድሆች ልጆች የከፈተችው ትምህርት ቤት «የልጆች ቤት» ተባለ። በዚያም ልጆች ማዕድ ማቅረብን፣ ራስን ማጠብንና ልብስ መልበስን እንደ ትምህርት ይማሩ ነበር። የማዳም ጌራን ቤት ሥራ በዚህ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ገባ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው ቤት በራሱ መድኃኒት አለመሆኑ ነው፤ ያሬድም የሸሸው ከአጎቱ ቤት ነው። መማር የሚከብደው ልጅ በቤት የሚጠቀመው ትምህርቱ ከሚለብሰው፣ ከሚበላውና ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ሲያያዝ፣ ስሕተቱም ሲመረመር እንጂ ሲቀጣ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤታችንም ልጁ ፊደሉን ሳይለይ ወደ ንባብ አለማለፉ፣ እያንዳንዱም በራሱ እርምጃ መሄዱ መልካም ነገር ነበር፤ ያበላሸው አለንጋው ነው።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ማዳም ጌራን ብቻዋን አልነበረችም። ደመወዝ ነበራት፤ መጠለያ ነበራት፤ የሚያማክራት ሐኪም ነበራት። ዛሬ ትምህርት ቤት አልቀበልም ያለውን ልጅ በቤትዋ ይዛ ፊደል የምታስቆጥር እናት ትዕግሥት እንጂ ሌላ ረዳት ላይኖራት ይችላል። ልጁ ሳይማር የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ጎረቤት የሚወቅሰው እርስዋን ነው። በ1800 የነበረ መንግሥት ተስፋ የለውም ለተባለ ለአንድ ልጅ ሞግዚትና ሐኪም ካቆመ፣ እንዲህ ያለችውን እናት ብቻዋን መተው ከዚያ ዘመን ወደ ኋላ መመለስ ይሆናል።